አንድ ኤም-ፔሳ፣ ሦስት አገር፣ ሦስት ሕግ

በ2007 መጀመሪያ ላይ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ለስልክ ድርጅቱ ለሳፋሪኮም አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ፈቃድ አልነበረም። አዋጅም መመሪያም አልነበረም። አገልግሎቱን ብትጀምሩት አንቃወምም የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ማርች 6 ቀን ኤም-ፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ መላኪያ አገልግሎት ሥራ ጀመረ።

ከ16 ዓመት በኋላ ያው አገልግሎት ኢትዮጵያ ገባ። እዚህ ደብዳቤ አልበቃውም። መጀመሪያ አዋጅ መሻሻል ነበረበት። ከዚያ 150 ሚሊዮን ዶላር የፈቃድ ክፍያ ተከተለ። ስሙ ያው ነው፣ አረንጓዴው ቀለም ያው ነው፣ ስልኩ ላይ የሚሠራውም ያው ነው። የተለየው ሕጉ ነው።

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የኢትዮጵያ አዋጆችን ቁጥር ግን እንደወጣ በእኛው ትቼዋለሁ።)

ስለ ፊንቴክ፣ ማለትም በቴክኖሎጂ ስለሚሰጥ የገንዘብ አገልግሎት፣ ሲወራ ብዙ ጊዜ ወሬው ስለ መተግበሪያው ነው። ምን ያህል ፈጣን ነው፣ ምን ያህል ያምራል ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ ስከታተል የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ከመተግበሪያው በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ የሕዝብን ገንዘብ ማን ይያዝ? ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ የተለያየ መልስ ሰጡ። የመለሱበት ጊዜም ተለያየ። ኩባንያዎቹ ዛሬ የያዙት መልክ የመጣው በአብዛኛው ከዚያ ነው።

ደብዳቤው

ኤም-ፔሳ ሲታሰብ የሐዋላ አገልግሎት አልነበረም። በ2005 ናይሮቢና ቲካ ውስጥ ሙከራው ሲጀመር ዓላማው ፋውሉ ከሚባል የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋም የተበደሩ ሰዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ለሙከራው የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ድርጅት ገንዘብ አዋጥቶበታል። ሰዎቹ ግን በእጃቸው የገባውን ነገር ለራሳቸው ጉዳይ አዋሉት። እርስ በርስ ገንዘብ መላላክ ጀመሩ። ኩባንያውም ይህን አይቶ አገልግሎቱን ገንዘብ ወደ ቤት መላኪያ አድርጎ ለገበያ አቀረበው።

እዚህ ላይ የሕግ ጥያቄ ተነሣ። በኬንያ ሕግ ከሕዝብ ተቀማጭ መሰብሰብ የሚችለው ባንክ ነው። ሳፋሪኮም ደግሞ ስልክ ድርጅት ነው። ታዲያ ሰው ለሱቅ ወኪል 1,000 ሽልንግ ሰጥቶ ስልኩ ላይ 1,000 ሲያይ፣ ያ ገንዘብ ተቀማጭ ነው ወይስ አይደለም?

መልሱ የተገኘው ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ በመከተል ነው። ወኪሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የራሱን ጥሬ ገንዘብ ባንክ ያስገባል፤ በዚያው ልክ በስልኩ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ያገኛል። በሙያው ቋንቋ ፍሎት ይሉታል። ደንበኛው 1,000 ሽልንግ ሲሰጠው ከወኪሉ ፍሎት ላይ 1,000 ወደ ደንበኛው ስልክ ያልፋል። ጥሬው ገንዘብ በወኪሉ መሳቢያ ይቀራል። ባንክ ያለው ጠቅላላ ገንዘብ አይነካም። ሳፋሪኮም በዚያ ገንዘብ ላይ እጁን አያስገባም፤ ሒሳቡ የተያዘው በተለየ ባለአደራ ስም ነው። ኩባንያው ነገ ቢከስር አበዳሪዎቹ ያንን ገንዘብ መውሰድ አይችሉም።

ማዕከላዊ ባንኩ ከዚህ ተነሥቶ አሰበ። የባንክ ሥራ ማለት ተቀማጭ ወስዶ በራስ ኃላፊነት ማበደር ነው። ይህ ኩባንያ አያበድርም፣ ገንዘቡን ለራሱ ሥራ አያውልም፣ ወለድም አይከፍልም። ስለዚህ ባንክ አይደለም። ደብዳቤው የተጻፈው በዚህ አስተሳሰብ ነው። ግዴታዎችም ነበሩበት፤ ገንዘቡ በሙሉ በአደራ ሒሳብ ይቀመጥ፣ የደንበኛው ማንነት ይታወቅ።

ብዙዎች ኬንያ ያለ ቁጥጥር ለቀቀችው ሲሉ እሰማለሁ። አልስማማም። ገንዘቡ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ጥብቅ ነበሩ። የለቀቁት ሌላውን ነው፤ ማን ይሥራው፣ በምን ስም ይሥራው፣ በስንት ወኪል ይሥራው የሚለውን።

ባንኮቹ ዝም አላሉም። በ2008 መጨረሻ አቤቱታቸው በረታና በወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትርነቱን በተጠባባቂነት የያዙት ጆን ሚቹኪ አገልግሎቱ እንዲመረመር አዘዙ። ምርመራው ችግር አላገኘበትም፤ አገልግሎቱም ቀጠለ። ሙሉው የክፍያ ሥርዓት ሕግ የወጣው በ2011 ነው፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ደግሞ በ2014። ማለትም ሥራው ከተጀመረ ከ7 ዓመት በኋላ።

በመደበኛ የፋይናንስ አገልግሎት የሚጠቀሙ ኬንያውያን አዋቂዎች በ2006 ከመቶ 26.7 ነበሩ። በ2019 ከመቶ 82.9 ደረሱ። ይህ ሁሉ የደብዳቤው ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ያለዚያ ደብዳቤ ግን ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም።

የደብዳቤው አስተሳሰብ ድርጅቱን ለዓመታት ተከትሎታል። ሳፋሪኮም ብድር መስጠት ሲፈልግ በራሱ ማድረግ አልቻለም። ቢያበድር ባንክ አይደለሁም ያለበት ምክንያት ይፈርሳል። ስለዚህ በ2012 ኤም-ሽዋሪ የተባለው የቁጠባና የብድር አገልግሎት ሲመጣ ከጀርባ ባንክ ነበረ፤ በወቅቱ የአፍሪካ ንግድ ባንክ ይባል የነበረው። ቁጠባውን የሚይዘውም የሚያበድረውም ባንኩ ነው፤ ሳፋሪኮም ደንበኛውንና መንገዱን ያቀርባል። ዛሬ በአካባቢው አገሮች የምናየው የስልክ ድርጅትና የባንክ ጥምረት የሕግ ቅርጽ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ደብዳቤው አንድ ነገር ዘሎ ነበር። ስለ ውድድር ምንም አላለም። የሳፋሪኮም ወኪል የተወዳዳሪን አገልግሎት እንዳይሰጥ በውል ታስሮ ኖረ፤ ይህ የተነሣው በ2014 በውድድር ባለሥልጣኑ ውሳኔ ነው። ከአንዱ ኔትወርክ ዋሌት (በስልክ ላይ ያለ የገንዘብ ቦርሳ) ወደ ሌላው በቀጥታ መላክ የተቻለው ደግሞ በ2018 ነው። አሥራ አንድ ዓመት! በዚያ መሀል ኤርቴልም ሆነ ሌሎቹ ወደ ኋላ ቀሩ። ሰው ዘመዶቹ ያሉበትን ኔትወርክ ነው የሚመርጠው። መጀመሪያ የገባው ሁሉን ይዞ ይቀራል።

ታንዛኒያ፦ መንገዱ ክፍት፣ ግብሩ ከባድ

ኤም-ፔሳን ታንዛኒያ ያስገባው ቮዳኮም የተባለው ስልክ ድርጅት ነው፤ በ2008። የታንዛኒያ ባንክም ኬንያ እንዳደረገችው በደብዳቤ ፈቀደ። ግን ገበያው የተለየ ነበር። ሁሉን የጠቀለለ አንድ ኩባንያ የለም። ቮዳኮም፣ ቲጎ፣ ኤርቴልና ዛንቴል ተፎካካሪዎች ነበሩ።

ማዕከላዊ ባንኩ ኩባንያዎቹ እርስ በርስ እንዲገናኙ በአዋጅ አላስገደደም፤ ተነጋግረው እንዲስማሙ ቦታ ሰጣቸው። በ2014 ቲጎ፣ ኤርቴልና ዛንቴል ተስማሙ። ቮዳኮም በ2016 ተቀላቀለ። ከኬንያ በፊት ማለት ነው። በ2014 ቲጎ ሌላም ነገር አደረገ፤ በአደራ ሒሳቡ የተገኘውን ወለድ ለተጠቃሚዎቹ ማካፈል ጀመረ። ኬንያ ውስጥ ያ ወለድ ለበጎ አድራጎት ነው የሚውለው። ሁለቱም ከአንድ ደንብ የመጡ ናቸው፤ ገንዘቡ የኩባንያው ካልሆነ ወለዱም የኩባንያው አይደለም። ለእኔ የታንዛኒያው ይሻላል። ገንዘቡ የሕዝቡ ነው ካልን ወለዱን ለባለቤቱ መስጠት ነው።

ታንዛኒያን የጎዳው የገንዘብ ተቆጣጣሪው አይደለም። ግብሩ ነው። በጁላይ 2021 መንግሥት በስልክ በሚላክና በሚወጣ ገንዘብ ላይ እንደ መጠኑ ከ10 እስከ 10,000 ሽልንግ የሚደርስ ቀረጥ ጣለ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ብዙ ሰው ወደ ጥሬ ገንዘብ ተመለሰ። በሁለት ወር ውስጥ መንግሥት ቀረጡን በ30 በመቶ ቀነሰ፤ በኋላም ደጋግሞ ቆረጠው። ዩጋንዳ ይህንኑ ትምህርት ቀድማ አይታው ነበር። በጁላይ 2018 በማንኛውም የሞባይል ገንዘብ ዝውውር ላይ 1 በመቶ ግብር ጣለች። በኖቬምበር ወደ 0.5 በመቶ አውርዳ በሚወጣ ገንዘብ ላይ ብቻ አስቀረችው።

የኬንያን ግብር ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። ኬንያም በሞባይል ገንዘብ ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ትሰበስባለች፤ በ2013 በ10 በመቶ ጀምራ በ2023 15 በመቶ አድርሳዋለች። ይህ ግን በአገልግሎት ክፍያው ላይ እንጂ በሚላከው ገንዘብ ላይ አይደለም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እናት ለልጇ 10,000 ስትልክ አንዱ የሚቆርጠው ኩባንያው ካስከፈላት ጥቂት ሽልንግ ላይ ነው። ሌላው ራሱን 10,000ውን ይነካል። ሰው ጥሬ ገንዘብ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ሹፌር መላክ የሚጀምረው ሁለተኛው ሲመጣ ነው።

ኢትዮጵያ፦ በሩ መጀመሪያ ለባንክ

ኢትዮጵያ መንገዱን ከሌላኛው ጫፍ ጀመረች። ሕጉ ቀደመ፤ ሥራው ተከተለ።

የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ወጣ። በ2012 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የሞባይልና የወኪል ባንክ አገልግሎት መመሪያ አወጣ። መመሪያው ለዋናው ጥያቄ ግልጽ መልስ ሰጠ፤ የሕዝብን ገንዘብ የሚይዘው ባንክ ወይም የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋም ብቻ ነው። ሌላው ቴክኖሎጂ ማቅረብ ይችላል።

በዚህ መመሪያ ሥር ኤም-ብርና ሄሎካሽ የተባሉ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ተወለዱ። ሁለቱም የሚሠሩት ፈቃድ ባላቸው ባንኮችና ብድርና ቁጠባ ተቋማት ስም ነበር። ኤም-ብር የሴፍቲኔት ክፍያን ለገጠር ተጠቃሚዎች አድርሷል። ሄሎካሽ ሶማሌ ክልል ውስጥ በሰፊው ሠርቷል። ቀላል ሥራ አይደለም፤ ባንክ ሄዶ በማያውቅበት ቦታ ገንዘብ አድርሰዋል። ግን ደንበኛው የእነሱ አይደለም። ሒሳቡም የእነሱ አይደለም። አዲስ ነገር ለመጨመር ሲፈልጉ እያንዳንዱን ተቋም ለየብቻ ማሳመን ነበረባቸው። ወኪል ለማስፋፋት ገንዘብ የሚያወጣ አንድ አካል ያስፈልጋል። ያ ወጪ ደግሞ በዓመታት እንጂ በወራት አይመለስም። ባንኩ ወጪውን ለምን ላውጣ ይላል፤ ቴክኖሎጂ አቅራቢው የእኔ ባልሆነ ደንበኛ ላይ ለምን ላውጣ ይላል። እንደ እኔ አስተያየት እነዚያ ዓመታት የባከኑት እዚህ ጋ ነው።

የብሔራዊ ባንኩን ስጋት አቃልዬ አላየውም። አገሪቱ ባንክ የመቆጣጠር ልምድ እንጂ ስልክ ድርጅትን በገንዘብ ጉዳይ የመቆጣጠር ልምድ አልነበራትም። የሕዝብ ገንዘብ ከጠፋ ተጠያቂው ተቆጣጣሪው ነው። ግን ኬንያ ያንን ስጋት በአደራ ሒሳብ መልሳዋለች። መልሱ በጎረቤት አገር ለዓመታት ሲሠራ ይታይ ነበር።

በሩ የተከፈተው በ2020 ነው። ብሔራዊ ባንክ የክፍያ ሰነድ አውጪዎችን የሚመለከት መመሪያ አወጣ። ባንክ ያልሆነ ድርጅትም ዋሌት መክፈት ቻለ። ዝቅተኛው የተከፈለ ካፒታል 50 ሚሊዮን ብር ሆነ። የሕዝቡ ገንዘብ በባንክ ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ኬንያ በ2007 የጻፈችው ነገር ማለት ነው። ለውጭ ባለሀብት ግን ዝግ ነበር።

ያ አንድ ገደብ ቀጥሎ የመጣውን ሁሉ ወሰነ። ሜይ 11 ቀን 2021 ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ። በዚያው ወር ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ አሸነፈ። የሞባይል ገንዘብ ግን በፈቃዱ ውስጥ አልነበረም። ሌላው ተጫራች ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ዶላር ነበር ያቀረበው፤ ተቀባይነት አላገኘም። ሞባይል ገንዘቡ አለመካተቱ የጨረታውን ዋጋ ዝቅ አድርጎታል ተብሎ በጊዜው ብዙ ተብሏል። እኔም አምናለሁ። በዚህ የአፍሪካ ክፍል የስልክ ድርጅት ያለ ሞባይል ገንዘብ ግማሽ ሥራ ነው።

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በኦክቶበር 2022 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ሲም ካርድ ይሸጣል እንጂ ኤም-ፔሳ የለውም። በ2023 አዋጅ ቁጥር 1282/2015 የቀድሞውን አሻሽሎ ለውጭ ባለሀብት በር ከፈተ። ብሔራዊ ባንክ ለኤም-ፔሳ ፈቃድ መስጠቱን ያሳወቀው ሜይ 11 ቀን 2023 ነው። ቴሌብር ከተጀመረ ልክ በሁለት ዓመቱ፣ በዕለቱ። አገልግሎቱ ለሕዝብ የተከፈተው በኦገስት አጋማሽ ነው።

ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ረጅም ጊዜ ነው። ኬንያ ውስጥ ያየነው ነገር እዚህ ተደገመ፤ የተገለበጠው ባለተራው ብቻ ነው። እዚያ ሳፋሪኮም ቀድሞ ገብቶ ሌሎቹ ተቸገሩ። እዚህ የመንግሥት ድርጅት ቀድሞ ገባ፤ ሳፋሪኮም ከኋላ መጣ። ቴሌብር በ2025 ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መዝግቧል። ቴሌብር ለሕዝቡ ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የነዳጅ ክፍያውን፣ የመንግሥት አገልግሎት ክፍያውን አስቡት። ግን ውድድሩ የተጀመረው አንዱ ሜዳውን ሁለት ዓመት ከሮጠበት በኋላ ነው፤ ያንን የወሰነው የመተግበሪያ ጥራት አይደለም።

ስለ 150 ሚሊዮን ዶላሩም አንድ ነገር ልበል። በወቅቱ ይፋዊ ምንዛሪ ከ8 ቢሊዮን ብር በላይ ነው። አገር ውስጥ ያለ ድርጅት ይጠየቅ የነበረው 50 ሚሊዮን ብር ካፒታል ነው፤ ያም ቢሆን የራሱ ሆኖ የሚቀር ገንዘብ ነው። መንግሥት በዚያ ወቅት ዶላር አጥብቆ ይፈልግ ነበር፤ ይገባኛል። ግን እንዲህ ያለ ክፍያ ከየትም አይመለስም፤ ከተጠቃሚው ነው የሚመለሰው። ወይ በአገልግሎት ክፍያ፣ ወይ ሳይከፈት በሚቀር የገጠር ወኪል።

ኢትዮጵያ ከኬንያ የተሻለችበት ነገርም አለ። እዚህ ዋሌትና ባንክን የሚያገናኝ የጋራ መስመር ቀድሞ ነበረ፤ ኢትስዊች። አዲስ የገባ ድርጅት ከእያንዳንዱ ባንክ ጋር ለየብቻ ሳይዋዋል ከብዙዎቹ ጋር መገናኘት ይችላል። እንደ ካቻ ላሉ በ2020ው መመሪያ ፈቃድ ላገኙ የአገር ልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአንድ ግዙፍ ኩባንያ አጥር ውጭ ቆመው አያንኳኩም።

ሕግ ብቻ አይደለም

ሁሉን ነገር በሕግ ማስረዳት እንዳይመስልብኝ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ኤም-ፔሳ በ2010 ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ነበር። እዚያ ተቀማጭ የሚይዘው ባንክ ስለሆነ ቮዳኮም ከኔድባንክ ጋር ተጣምሮ ሠራ። በ2014 እንደገና ሞከረ። ጁን 30 ቀን 2016 ተዘጋ። ሕጉ አንዱ ምክንያት ነው። ግን እዚያ ብዙው አዋቂ ቀድሞውኑ የባንክ ካርድ በኪሱ አለው። ያልጎደለውን ነገር ማንም አይገዛም።

ከኋላ ለመጡት

የደብዳቤው ዘመን አልፏል። ኬንያ ራሷ ዛሬ በደብዳቤ አታስገባም። በስልክ የሚያበድሩ ኩባንያዎች ለዓመታት ያለ ተቆጣጣሪ ሲሠሩ ኖረው፣ የተበዳሪውን ዘመድና ጓደኛ እየደወሉ እስከ ማሳፈር ከደረሱ በኋላ፣ በ2021 በወጣ ሕግና በ2022 በወጣ ደንብ ሁሉም ከማዕከላዊ ባንኩ ፈቃድ እንዲያወጡ ተደረገ። ይህ ሕግ ዘገየ እንጂ አልበዛም። በጁላይ 2022 ደግሞ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ የነበሩት ፓትሪክ ንጆሮጌ ፍላተርዌቭና ቺፐር ካሽ የተባሉት የክፍያ ኩባንያዎች በኬንያ ፈቃድ የሌላቸው መሆኑን በይፋ ተናገሩ። ባንኮችም ከእነሱ ጋር መሥራት እንዲያቆሙ ተነገራቸው። በሌሎች አገሮች የታወቀ ስም መሆን ኬንያ ውስጥ አልሠራም።

ለትንሽ ኩባንያ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አምስት አገር መሥራት ከፈለገ አምስት ፈቃድ፣ አምስት ካፒታል፣ አምስት የአደራ ሒሳብ፣ አምስት የሕግ ክፍል ያስፈልገዋል። ሳፋሪኮም ይችለዋል። ሦስት ወጣቶች የጀመሩት ድርጅት አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቹ አንድ አገር ውስጥ ይቀራሉ፤ አለበለዚያ ፈቃድ ካለው ጀርባ ሆነው በእሱ ስም ይሠራሉ። ኤም-ብርና ሄሎካሽ የቆሙበት ቦታ ማለት ነው።

ለተጠቃሚውም ድንበሩ አልጠፋም። ከኬንያ ኤም-ፔሳ ወደ ታንዛኒያ ኤም-ፔሳ መላክ ከ2015 ጀምሮ ይቻላል፤ ሁለቱ ኩባንያዎች ተዋውለው፣ ሁለቱ ማዕከላዊ ባንኮች ፈቅደው። በኬንያና በኢትዮጵያ መሀል ነገሩ ይከብዳል። ሞያሌን ውሰዱ። ድንበሩ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ ከብት ነጋዴው ጠዋት እዚህ፣ ከሰዓት እዚያ ነው። በወዲያኛው ስልክ ያለው ኤም-ፔሳ በሽልንግ ነው፤ ገንዘቡ በኬንያ ባንክ በአደራ ተቀምጧል። በወዲህኛው ያለው በብር ነው፤ የተቀመጠው በኢትዮጵያ ባንክ ነው። በሕግ ፊት ሁለት ኩባንያዎች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ገንዘብ ሐዋላ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ሕግ ይመለከተዋል። ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ መንገዱ ሰፋ ያለ ነው፤ ሲወጣ ይጠባል።

በ2025 መጀመሪያ የሩዋንዳና የጋና ማዕከላዊ ባንኮች አንዳቸው የሰጡትን የፊንቴክ ፈቃድ ሌላኛው እውቅና የሚሰጥበትን መንገድ ለመክፈት ተፈራርመዋል። ሁለቱ አገሮች ድንበር እንኳ አይዋሰኑም። አዲስ አበባና ናይሮቢ ተመሳሳይ ወረቀት ቢፈርሙ መጀመሪያ የሚያውቀው ባንከኛ አይሆንም፤ ሞያሌ ላይ ከብቱን ሸጦ ጥሬ ሽልንግ ተሸክሞ የሚመለሰው ነጋዴ ነው።